ጥበብ በቀዳዳ ካርድ ላይ

አማርኛችን በአንድ ቃል ሁለት ነገር ያሸክማል። ጥበብ የጠቢብ ዕውቀት ነው፤ ጥበብ ደግሞ ሸማኔ በቀሚስና በነጠላ ጠርዝ ላይ በባለ ቀለም ክር የሚያወጣው ጌጥ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም የጠራ የጥንት ተናጋሪ፣ በጣት የሚሠራውና በልብ የሚታወቀው እንደማይነጣጠሉ የገባው ይመስለኛል። በሽሮ ሜዳ ጥለት ሲሠሩ ያየኋቸው ሸማኔዎች ፊታቸው የተዘረጋ ንድፍ አልነበራቸውም። የትኛው ክር እንደሚነሣ፣ ቢጫው ከአረንጓዴው በፊት ይገባ እንደሆነ ወይም በኋላ፣ የሚያውቀው እጃቸው ነበር።

ያ ዕውቀት ከሸማኔው እጅ ወጥቶ ሌላ ቦታ ቢቀመጥ ምን ይሆናል? ማን ያነበዋል? ስሕተት ቢገኝበት ማን ያርመዋል? የማንስ ነው ይባላል? ጥያቄው አዲስ እንዳይመስልህ፣ ውድ አንባቢ፤ 300 ዓመት ሆኖታል። ዛሬ ቢራ፣ መድኃኒትና ቀለም የሚያመርቱ ፋብሪካዎች በኮምፒዩተሮቻቸው ውስጥ የሚያከማቹት የአሠራር ጽሑፍ ሁሉ የዚሁ ጥያቄ ልጅ ነው።

ስለዚያ ጽሑፍ ስም አስቀድመን እንስማማ። እናቶቻችን ሽሮና በርበሬ ሲያዘጋጁ «መጠንሁት» ይላሉ፤ የተዘጋጀውም ምጥን ሽሮ ይባላል። ከምኑ ምን ያህል፣ ከየትኛው በፊት የትኛው፣ እስከ መቼ በእሳት ላይ፤ ይህ ሁሉ በአንዲት «መጠነ» ግስ ውስጥ አለ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ መሐንዲሶችም ለማሽን የሚሰጠውን የአሠራር ዝርዝር የሚጠሩት ከወጥ ቤት በተዋሱት ቃል ነው። እኔም «ምጣኔ» እለዋለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑንም አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

*

ታሪኩ የሚጀምረው በፈረንሳይዋ የሐር ከተማ በሊዮን ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አበባና ወፍ የተሣለበት ሐር ለመሸመን አንድ ሸማኔ ብቻውን አይበቃም ነበር። ሸማኔው ከፊት ተቀምጦ መወርወሪያውን ሲወረውር፣ ረዳቱ፣ ብዙውን ጊዜ ልጅ ወይም ሴት፣ ከጎን ቆሞ በየረድፉ መነሣት ያለባቸውን የድር ክሮች በገመድ ይስባል። ገመዶቹ በሥርዐት ተቋጥረዋል፤ ይህን ቋጠሮ ሲስብ የአበባው ጫፍ፣ የሚቀጥለውን ሲስብ የአበባው ወገብ ይወጣል። ምጣኔው እንግዲህ በቋጠሮ ተጽፎ ነበር ማለት ነው፤ ማንበቢያውም የዚያ ረዳት ክንድ ነበር። ቀኑን ሙሉ መሳብ፣ መልቀቅ፣ ዳግመኛ መሳብ…

ቋጠሮው ግን ከየት መጣ? ነዳፊው በመጀመሪያ ሥዕሉን በትንንሽ አራት ማዕዘኖች በተከፋፈለ ወረቀት ላይ ያወጣዋል። እያንዳንዱ ማዕዘን ስለ ድርና ማግ መገናኛ ይናገራል፤ ቀለም ከተቀባ ድሩ ይነሣል፣ ካልተቀባ ይተኛል። ከዚያም ሌላ ባለሙያ ወረቀቱን ረድፍ በረድፍ እየተከተለ ወደ ገመድ ይለውጠዋል። ሊዮኖች ይህን ሥራ «ሊዛዥ» ይሉታል፤ ቃሉ ንባብ ማለት ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ቆም ብዬ አሰብሁ። አንባቢ የሚባል ሠራተኛ ያለው የሽመና ቤት! መጽሐፍ የሌለበት፣ ንባብ ግን ያለበት ቤት።

በ1725 ባዚል ቡሾን የተባለ የሊዮን ሰው ቋጠሮውን በወረቀት ተካው። በጥቅል ወረቀት ላይ ቀዳዳዎች በስቶ በመርፌዎች ረድፍ ፊት አቆመው፤ ወረቀቱ ሲገፋ ቀዳዳ ያገኘች መርፌ ባለችበት ትቀራለች፣ ቀዳዳ ያጣች ትገፋለች። በዚህም የትኛው ገመድ እንደሚሳብ ተለየ። ረዳቱ አሁንም ይስባል እንጂ መሳሳቱ ቀነሰ። በ1728 ባልንጀራው ዣን ባፕቲስት ፋልኮን ጥቅሉን ወረቀት ትቶ እርስ በርሳቸው በክር የተሰፉ ካርዶችን አመጣ። ለውጡ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ጥቅል ወረቀት አንድ ቦታ ቢቀደድ ወይም ቢሳሳት ሁሉም ይበላሻል፣ የተሰፋ ካርድ ግን አንዱ ተፈትቶ በሌላ ይተካል። ከጥቅል ብራና ወደ ተጠረዘ መጽሐፍ የተሻገረ ሥልጣኔ ሁሉ ይህን ጥቅም ያውቀዋል።

በ1745 ገደማ ዣክ ደ ቮካንሶን፣ ያ በሜካኒካል ዳክዬው ስሙ የገነነ ብልኅ፣ ረዳቱን ፈጽሞ የሚያስቀር መሸመኛ ሠራ። ነገር ግን ሥራ ላይ ሳይውል ቀረና በመጨረሻ ፓሪስ ባለው የሙያ ጥበባት ቤተ መዘክር ገባ። የሊዮኑ የሸማኔ ልጅ ዦዜፍ ማሪ ዣካር ያገኘው እዚያ ነው። ዣካር የፋልኮንን ካርድና የቮካንሶንን አሠራር አዋሕዶ በ1804 ዛሬም በስሙ የሚጠራውን መሣሪያ አወጣ።

አሠራሩን ባጭሩ ልግለጸው። መወርወሪያው በተወረወረ ቁጥር አንድ ካርድ በመርፌዎች ላይ ይጫናል። መርፌዋ ቀዳዳ ካገኘች ታልፋለች፤ ከእርሷ ጋር የተያያዘው ሜንጦም ከሚያነሣው ብረት ላይ እንደተንጠለጠለ ይቀርና የራሱን ድር ይዞ ይነሣል። ቀዳዳ ካጣች ወደ ኋላ ትገፋለች፤ ሜንጦው ከብረቱ ይለቃል፣ ድሩም ይተኛል። ቀጥሎ ሌላ ካርድ፣ ከዚያም ሌላ። ጽጌረዳ የሚሸምነው መሣሪያ በማግስቱ ካርዶቹ ብቻ ተለውጠውለት ርግብ ይሸምናል። ማሽኑ አንድ፣ ጨርቁ ብዙ። የምጣኔ ታሪክ በሙሉ በዚህ አንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፦ ሠሪውና የሚሠራው ነገር ትእዛዝ ተለያዩ።

ካርዱ ምን ያህል ሊሸከም እንደሚችል የሚያሳዩ ሁለት ሥራዎች አሉ። በ1839 ሚሼል ማሪ ካርኪያ የዣካርን መልክ በሐር ሸመነው። ለዚያ አንድ ሥዕል 24,000 ካርዶች ተበስተዋል፤ በእያንዳንዱም ካርድ ላይ ከ1,000 በላይ የቀዳዳ ስፍራ ነበር። የእንግሊዙ የሒሳብ ሊቅ ቻርልስ ባቤጅ አንዱን ቅጂ በቤቱ ይዞት ነበር፤ ያዩት እንግዶች በመዳብ ላይ ተቀርጾ የታተመ ሥዕል ይመስላቸው ነበር። ሁለተኛው ለእኛ ለመጻሕፍት ወዳጆች ይበልጥ ይደንቃል። በ1886 እና በ1887 በዚያው በሊዮን አንድ የጸሎት መጽሐፍ ፊደሉም ሐረጉም ሳይታተም በሙሉ በሐር ተሸመነ። ከ100,000 የሚበልጡ ካርዶች ፈጅቷል። ጽሑፍ ወደ ቀዳዳ ተለወጠ፣ ቀዳዳው ወደ ክር፣ ክሩም ተመልሶ ጽሑፍ ሆነ።

*

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰዎቹ ምን ሆኑ? ገመድ ሳቢው ልጅ ከድካሙ ዐረፈ፤ እንጀራውንም ዐብሮ አጣ። ሸማኔው በመሣሪያው ፊት ቀረ። ፈረንሳይ የዣካርን መሣሪያ የሕዝብ ንብረት አድርጋ ለፈልሳፊው 3,000 ፍራንክ ጡረታና በየመሣሪያው 50 ፍራንክ ቆረጠችለት። ማሽኑ እንግዲህ የሁሉም ሆነ። ምጣኔውስ?

ምጣኔው የሁሉም አልሆነም። በመጋቢት 1806 በሊዮን የአሠሪና የሠራተኛ ሸንጎ ያቋቋመው ሕግ፣ የጨርቅ ንድፍ ባለቤት ለመሆን የሚፈልግ አምራች ናሙናውን በፖስታ አሽጎ በሸንጎው መዝገብ ቤት እንዲያስቀምጥ ደነገገ። እነሆ፣ ምጣኔ በማኅተም ተዘግቶ በመዝገብ ቤት ተቀመጠ! በሊዮን ልማድ መሸመኛው የሸማኔው፣ ሐሩና ንድፉ የነጋዴው ነበር። ስለዚህ ሸማኔው የራሱን መሣሪያ ይዞ የሰው ምጣኔ ይሠራል፤ ዋጋውን የሚቆርጠው ግን ባለ ምጣኔው ነው። በ1831 የሊዮን ሸማኔዎች «ሠርተን እንኑር፣ አለዚያም ተዋግተን እንሙት» የሚል ጥቁር ሰንደቅ ይዘው ሲነሡ የጠየቁት ማሽኑ እንዲሰበር አልነበረም፤ አስቀድሞ ስምምነት የተደረሰበት የክፍያ ተመን እንዲከበር ነበር። ይህን ልዩነት ማስተዋል ይገባል። ሸማኔዎቹ የተጣሉት ከካርዱ ጋር አይደለም፤ ካርዱን ከያዘው እጅ ጋር ነው።

ካርዱ ከዚያ በኋላ ብዙ አገር ዞረ። ባቤጅ ሊሠራው ላሰበው የማስሊያ ማሽን ተዋሰው፤ ኤዳ ላቭሌስ በ1843 ባሳተመችው ማብራሪያ ስለዚያ ማሽን ስትጽፍ ምሳሌዋን የወሰደችው ከዣካር መሸመኛ ነው። በ1890 ኸርማን ሆለሪዝ የአሜሪካን ሕዝብ ቆጠራ በቀዳዳ ካርድ አስላው። ለእኔ ጥያቄ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ምዕራፍ ቀጥሎ የመጣው ነው፤ ምክንያቱም ከጨርቅ ወደ ብረት፣ ከሸማኔ ወደ ብረት ቆራጭ የተሻገርነው በእርሱ ነው።

*

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካኖች የብረት መቁረጫ ማሽንን ያለ ሰው እጅ ለማሠራት ሁለት መንገድ ሞከሩ። በአንደኛው መንገድ፣ ጀነራል ኤሌክትሪክ እንደሞከረው፣ ጎበዝ ባለሙያ የመጀመሪያውን ዕቃ በእጁ ይሠራል፤ የእጁ እንቅስቃሴ በማግኔት ክር ይቀዳል፤ ከዚያ ማሽኑ ያንኑ እየደጋገመ ሌላውን ይሠራል። በሁለተኛው መንገድ ደግሞ ባለሙያው ከነጭራሹ አይጠየቅም። የሚቺጋኑ ጆን ፓርሰንስ ለሄሊኮፕተር ክንፍ ከጀመረው ሥራ ተነሥቶ፣ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ1952 ያሳየው ማሽን ምጣኔውን የሚያገኘው ከሒሳብ ነበር፤ ስሌቱ በወረቀት ጥቅል ላይ ተበስቶ ይገባል። የቡሾን ወረቀት ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ ተመለሰ ማለት ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ከመምህሩ አፍ እየሰማ የሚጽፍ ደቀ መዝሙርን ይመስላል፤ ሁለተኛው መምህሩን ሳያይ በጽሕፈት ቤቱ ተቀምጦ መጽሐፍ የሚደርስን ሰው። ያሸነፈው ሁለተኛው ነው። ዴቪድ ኖብል የተባለው የታሪክ ጸሐፊ በ1984 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ይህ የሆነው በቴክኒክ ብልጫ ብቻ አይደለም ሲል ይከራከራል፤ አስተዳዳሪዎች ምጣኔው ከሠራተኛው እጅ ወጥቶ ወደ ቢሮ እንዲገባ ስለፈለጉም ጭምር ነው ይላል። ሒሳቡ የእጅ ባለሙያ የማይደርስበትን ቅርጽ እንዳስቻለ መካድ አይቻልም። የኖብል ጥያቄ ግን በ1806 ከታሸገው የሊዮን ፖስታ ጋር አንድ ነው።

እዚህ ላይ ሥነ ጽሑፍ ከታሪክ ቀድማ ደርሳለች። ከርት ቮነገት በ1940ዎቹ መጨረሻ በዚያው በጀነራል ኤሌክትሪክ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነበር። በ1952፣ የተቋሙ ማሽን ለሕዝብ በታየበት በዚያው ዓመት፣ «ፕሌየር ፒያኖ» የተባለ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ ሩዲ ኸርትዝ የሚባል ሽማግሌ ብረት ቆራጭ አለ። በጉብዝናው ተመርጦ የእጁ እንቅስቃሴ በክር ተቀድቶበታል፤ ማሽኖቹ ዛሬ የሚሠሩት በእርሱ እጅ ነው፣ እርሱ ግን ሥራ የለውም። ከቀጂዎቹ አንዱ የነበረውን መሐንዲስ በመጠጥ ቤት ሲያገኘው አይቆጣም። ይኮራል! ለክብሩም ሳንቲም ከትቶ በራሱ የሚጫወተውን ፒያኖ ያስመታለታል፤ መንፈስ እንደተቀመጠበት ቁልፎቹ ብቻቸውን ይወርዳሉ፣ ይነሣሉ። የዚያ ዓይነቱ ፒያኖ የሚጫወተው በተበሳ ጥቅል ወረቀት እንደሆነ ልብ በሉ።

ስለ ምጣኔ ካነበብሁት ሁሉ ልቤ የቀረው በዚያ ኩራት ላይ ነው። ቁጣ ቢሆን ኖሮ እንረዳው ነበር። ሩዲ የሚኮራው የእጁ ሥራ ከእርሱ በኋላ እንደሚኖር ስለሚያውቅ ነው። ደራሲም የሚመኘው ይህንኑ አይደለምን? ልዩነቱ ደራሲው በመጽሐፉ ገበታ ላይ ስሙ መኖሩ ነው። የሩዲ ክር ላይ ግን ስም የለም።

*

ፋብሪካዎች ወደ ኮምፒዩተር የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። በ1968 ጀነራል ሞተርስ ሥራ በተለወጠ ቁጥር ሽቦ እየፈቱ ከማሰር የሚያሳርፈውን መሣሪያ ጠየቀ፤ በ1969 ሞዲኮን 084 የተባለው መቆጣጠሪያ ቀረበ። ሽቦው ወደ ጽሑፍ ተለወጠ። የፋብሪካ ማኅደረ ትውስታ እየሰፋ ሲሄድም በውስጡ የየምርቱ ምጣኔ ይከማች ጀመር። ያኔ ጥንታዊው ችግር ተመልሶ መጣ፤ ምጣኔውና ማሽኑ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ተጣብቀው ስለሚጻፉ አዲስ ምርት ለመሥራት መሐንዲስ ተጠርቶ ሁሉን ማፍረስ ግድ ሆነ። ዣካር ከለየው በኋላ እንደገና ተዋሐደ!

በ1995 የወጣው አይኤስኤ 88 የተባለው ደረጃ ሁለቱን መልሶ ለያቸው። ማሽኑ ምን ማድረግ እንደሚችል ለብቻ ይጻፋል፤ የሚፈለገው ምርት ምጣኔ ለብቻ። ቢራ ጠማቂን እንውሰድ። ማሽኑ ማሞቅ፣ ማማሰልና ማሳለፍ ይችላል። ምጣኔው ደግሞ ይህን ያህል ብቅል፣ ይህን ያህል ውኃ፤ በ62 ዲግሪ ይህን ያህል ደቂቃ፣ ቀጥሎ በ72፣ ከዚያም ወደ 78 ከፍ ይበል ይላል። ደረጃው ምጣኔን በአራት እርከን ይከፍለዋል፤ ለድርጅቱ በሙሉ የሚሆነው፣ ለአንዱ ፋብሪካ የሚስማማው፣ ለእነዚያ ጋኖች የተዘጋጀው ዋና ምጣኔ፣ በመጨረሻም ከዋናው ተቀድቶ ለዛሬው አንድ ጥንስስ ብቻ የሚያገለግለው። ዋናው ምጣኔ አይነካም፤ የሚሠራበት ቅጂው ነው። ዋናውን መጽሐፍ በዕቃ ቤት አስቀምጦ በቅጂው የሚገለገል ገዳም ይህን ለማንም ማስረዳት አያቅተውም።

ነገሩ ከብራና ጋር የሚያመሳስለው ይህ ብቻ አይደለም። በአንድ ፋብሪካ ውስጥ የአንድ ምርት ምጣኔ በማሽኑ ሣጥን፣ በዋናው ኮምፒዩተርና በኦፕሬተሩ ደብተር ሊገኝ ይችላል፤ ሦስቱም ላይስማሙ ይችላሉ። የትኛው ነው እውነተኛው? ጥንታውያን መጻሕፍትን የሚያስተያዩ ሊቃውንት ጥያቄ ነው። በደብተሩ ኅዳግ ላይ በእርሳስ «በዝናብ ወራት ሁለት ደቂቃ ጨምር» ተብሎ ቢጻፍስ? የቀጂ ስሕተት ነው ወይስ የሊቅ ትርጓሜ? መዝገቡን የሚያዋቅረው ሰው ያን እርሳስ እንደ እድፍ ከደመሰሰው፣ ፋብሪካው የማያውቀውን ነገር አጥቷል።

ለዚህም ነው ደረጃው ምጣኔ ራስጌ እንዲኖረው የሚሻው፤ ማን አዘጋጀው፣ ስንተኛ ቅጂ ነው፣ ማን አጸደቀው፣ መቼ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለ ሥልጣን በ1997 ያወጣው ደንብም በኤሌክትሮኒክ መዝገብ ላይ የሚደረግ ለውጥ የቀድሞውን ጽሑፍ እንዳይሸፍን ያዝዛል። ብራና ፍቆ በላዩ መጻፍ ክልክል ነው እንደማለት ነው። በመድኃኒት ፋብሪካ ይህ የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አንዲት አኃዝ በስውር ብትለወጥ የሚከፍለው ታማሚው ነው።

መፋቅ ምን እንደሚያደርስ ዓለም በ2010 አየ። ስተክስኔት የተባለው የኮምፒዩተር ትል በኢራን ናታንዝ ዩራኒየም የሚያጣሩ ማሽኖችን መቆጣጠሪያ ገብቶ የፍጥነታቸውን ልክ ለወጠ፤ ወደ 1,410 ኸርትዝ ያወጣል፣ ወደ 2 ይጥላል፣ ወደ 1,064 ይመልሳል። ለጠባቂዎቹ ግን አስቀድሞ የቀዳውን የደኅና ጊዜ ንባብ ያሳያቸው ነበር። ማሽኑ አንድ ጽሑፍ ያነባል፣ ሰዎቹ ሌላ። ጥፋቱ ያደረሰው ለውጡ ብቻ አልነበረም፤ አንባቢው መታለሉም ነው።

*

እንግዲህ እኔ ምጣኔ ከእጅ ወጥቶ መጻፉን አላለቅስበትም። ያልተጻፈ ዕውቀት ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል፤ መጻፍ ሞትን ማታለያ ነው። የሊዮን ገመድ ሳቢ ልጅ ወደ ገመዱ ይመለስ የሚል ጨካኝም አይደለሁም። ታሪኩ የሚያስተምረኝ ሌላ ነገር ነው። ምጣኔ ከእጅ ወደ መዝገብ በተሻገረ ቁጥር ሦስት ነገሮች በመንገድ ላይ ይወድቃሉ፦ የሠሪው ስም፣ ሠሪው የማንበብ መብቱ፣ ሠሪው የማረም መብቱ። ፖስታው ሲታሸግ ሸማኔው ማንበብን አጣ፤ ስሌቱ በቢሮ ሲያልቅ ብረት ቆራጩ ማረምን አጣ፤ ሩዲ ሦስቱንም አጥቶ በኩራት ብቻ ቀረ። በኋላ የመጡት ደረጃዎችና ደንቦች ስምንና ቅጂን ቢመልሱም፣ በራስጌው ላይ የሚጻፈው ስም አብዛኛውን ጊዜ የአዘጋጁና የአጽዳቂው እንጂ የዚያ በኅዳግ የጻፈ እርሳስ ባለቤት አይደለም።

የእኛም ጥለት አንድ ቀን በኮምፒዩተር መዝገብ መግባቱ አይቀርም። ይግባ። በጽሑፉ ራስጌ ግን የነዳፊው ስም ብቻ አይቁም፤ ከማን እጅ እንደተቀዳም ይጻፍ፣ ሸማኔውም ከፍቶ ያንብበው፣ ያርመውም። አለዚያ ጥለቱ ይቀርልናል፤ ጥበብ የሚለው ቃል ግን አንደኛውን ትርጉሙን ያጣል።